ከሁሉም የተሻሻሉት

ለወላጅ፣ ለመምህርና ለጎረቤት ሁሉ በታላቅ ክብር ይታወቅ፤ ማክሰኞ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ነፋ።

ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ ቢቆምም የመምህሩ ዓይን ያለው አንዱ ላይ ነበር፤ ጓደኞቹ «ትራስ» የሚሉት የገዛ ልጁ ላይ። ሐኪሙ «ይሄ ልጅ ካልተንቀሳቀሰ ልቡ በልጅነቱ ነው የሚደክመው» ካሉት ወዲህ አባት እንቅልፍ የለውም። ከትምህርት በኋላ ስፖርት ይጀመር ብሎ ደጅ የጠናውም ለዚሁ ነው።

ዳይሬክተሯ ፈቀደች፤ ምክርም መረቀችበት።

«የመጀመሪያውን ፈተና ምሳ እንደበሉ ስጣቸው።»

«ሆዳቸው ሞልቶ?»

«አሁን ዝቅ ካላሉ ኋላ በምን ከፍ ይላሉ? አንተ ደግሞ! የበላይ አካል የሚሸልመው መሻሻል ነው።»

በማግስቱ ልጆቹ ምሳቸውን በሆዳቸው ተሸክመው ሮጡ፤ ሮጡ ከተባለ።

ብዙም ሳይቆይ ሜዳው የተሰባበሩ ዴስኮች መከመሪያ ሆነና ሩጫው ኮሪደር ገባ። የሂሳብ መምህሯ «ጣራውን ልታወርዱብን ነው?» ስትል ሩጫው እርምጃ ሆነ። የጫማው ኳኳታ የጸሐፊዋን ራስ ሲያሳምም፣ እርምጃው ቁጭ ብሎ ክንድ ማወዛወዝ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዝንብ ማባረር ነው» አለች አንዷ።

«ዝንብ የሚያባርር ክንድ አይጠነክርም ያለሽ ማነው? አወዛውዢ!»

የመጨረሻው ፈተና በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ዳይሬክተሯ ራሷ በመረጠችው ቁልቁለት ላይ ተሰጠ። ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ተባለ። ትራስ ሳይቀር በረረ።

መምህሩ ነገሩ እንዴት እንደበሰለ ያውቃል፤ አብሳዩ እሱ ነውና። ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። ማታ ሚስቱን «ልጃችን ዳነ» አላት።

«ጫማውን ግን ዛሬም እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለች፣ ቀና ሳትል።

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዋንጫ ይዘው፣ ዳይሬክተሯም ተከትላቸው በሊፍት ወጡ። ሊፍቱ ለልጆቹ ሊመለስ ሲል መብራት ጠፋ።

«ለእነሱ ደረጃ ምን አላት!» አለች ዳይሬክተሯ ከላይ። «ይምጡ!»

ልጆቹ ከመምህሩ ጋር እየተሳሳቁ ደረጃውን ጀመሩ። ትንሽ እንደወጡ ሳቁ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ወሬውም ቀረ። ደረጃው ገና ሳይጋመስ ትራስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ አንተ ግባ… እኔ እደርስብሃለሁ።»

መምህሩ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። የራሱ ትንፋሽ ግን አልበቃ አለው፤ የልጁን እጅ እንደያዘ አጠገቡ ተቀመጠ። ከኋላ ያሉትም እያለከለኩ አንድ በአንድ ደረጃው ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ።

የዳይሬክተሯ ድምፅ ከአዳራሹ ተሰማ። «አሁን በአካል ብቃት ከሁሉም የተሻሻሉት ልጆቻችን እየሮጡ ይገባሉ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ቆየ። ሳሳ። አንድ ሰው ብቻ ሲያጨበጭብ ቆይቶ እሱም ተወው።

ኃላፊው ዋንጫውን እንዳቀፉ ደረጃው ራስ ላይ ብቅ አሉና ቁልቁል ተመለከቱ።

ማንም ብድግ አላለላቸውም።