አንድ ሪሲቨር ለሁሉም ክፍል

በእኛ ሆቴል ቴሌቪዥን በየክፍሉ አለ፤ ሪሲቨሩ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ከምቀመጥበት ከእንግዳ መቀበያው መደርደሪያ ላይ ሆኖ በኬብል ለሁሉም ክፍል ይከፋፈላል። እኔ ዜና ካየሁ ሆቴሉ በሙሉ ዜና ያያል፣ ፊልም ካየሁ ሆቴሉ በሙሉ ፊልም ያያል። እንግዳ ሲያማርር «ሸዋ ሮቢት ነው ያሉት፣ ቤተ መንግሥት መሰለዎት እንዴ?» እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጣራ ላይ ያለውን ዲሽ አዛባውና ሥዕሉ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። የአራት ቁጥሩ እንግዳ ወዲያው ከክፍሉ ወጣ። ይህ ሰው ከመጣ ሳምንት ሊሆነው ነው። ምን እንደሚሠራ እሱ አልነገረንም፤ ደህንነት ነው ብሎ የነገረን ከተማው ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ለማያውቁት ሰው ሻይ መቅዳትም ያስፈራል።

«ማታ ኳስ አለ፤ ዛሬውኑ ይሠራ» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ወዲያው ስልኬን አነሣሁ።

ከከተማው የዲሽ ሠራተኞች ያልሸሸው ወንድሜ ስንታየሁ ብቻ ነው። እሱም «የተከለከለውን ጣቢያ ለሰው ታስገባለህ» ተብሎ ታስሮ ከተፈታ ገና ወሩ ነው። ሲለቁት «ሁለተኛ በዚህ ነገር ስምህ ቢነሣ አትመለስም» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ በር በኃይል ከተዘጋ ይደነግጣል፤ የሚተኛውም ጫማውን እንዳደረገ ነው። እምቢ ቢል ደግሞ ለምን እምቢ አለ ይባላል። ስለዚህ መጣ።

የዲሽ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጣራ ላይ ሆኖ ዲሹን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፣ ሌላው ከታች ስክሪኑን እያየ የሲግናሉን ቁጥር ይጮኻል። ቆርቆሮው በዚያ ፀሐይ እሳት ነው፤ ስንታየሁ እርጥብ ጆንያ አንጥፎ ተንበረከከበት።

«እታለም፣ ስንት ገባ?»

«ሠላሳ።»

«አሁንስ?»

«ወረደ። ቀስ በል እንጂ፣ ወጥ ነው እንዴ የምታማስለው?»

ሳቀ። ከተፈታ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ቁጥሩ ሰባ ገባ። «በቃ፣ ፈልጊ በይው» አለኝ። በዚያ ባትሪው ሊያልቅ በደረሰ ሪሞት ፍለጋውን አስጀመርኩት። የጣቢያ ስም ይዘረዝር ጀመር፤ አንብቤ ሳልጨርስ ፍለጋው አለቀና ሥዕል መጣ። ጠረጴዛ፣ ከረባት ያሰረ ሰው፣ ከጀርባው ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ስሙን የማይጠራው ምልክት። ዲሹ ጣት ያህል ስቶ ሌላ ሳተላይት ይዟል። የተከለከለው ጣቢያ ነበር።

ባለከረባቱ በየክፍሉ በአንድ ጊዜ ተናገረ። ከሁለት ቁጥር ሰማሁት፣ ከሰባት ቁጥር ሰማሁት፣ ከአራት ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ጎልቶ ሰማሁት። ሪሞቱን ተጫንኩ፤ እምቢ አለ። በመዳፌ መታሁት፣ ባትሪውን አሽከረከርኩት፤ እምቢ አለ። የሪሲቨሩ የራሱ ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል።

«እታለም፣ መጣ ወይ? ላጥብቀው?» ይላል ወንድሜ ከላይ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማው።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ሆቴሉ ጸጥ አለ። የአራት ቁጥር በር ተከፈተና ሰውየው በነጠላ ጫማ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ጠፋ፣ ጌታዬ።»

ቀና ብሎ አየ። እኔም ቀና አልኩ። ከራሳችን በላይ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ቅድም ሙቀቱ ሲጠና የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ እንደዚያ ጊዜ ቬንትሌተር ጠልቼ አላውቅም።

«ቅድም የታየው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ የነካካሁት። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ጣራ ላይ ያለው ማነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ግቢው ወጥቶ «ውረድ» አለ። ስንታየሁ ገና ሲያየው የያዘው መፍቻ ከእጁ አምልጦ ቆርቆሮው ላይ እየተንኳኳ ወረደ። መሰላሉን ሲወርድ እግሩ መርገጫውን ይስታል። መሬት እንደደረሰ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ዘረጋ። ሰው ለካቴና እጁን ሲያቀርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ወንድሜን ዳግመኛ የማላየው መሰለኝ።

«ምን ጣቢያ ነው ያስገባኸው?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ። ጣራ ላይ ነበርኩ።»

«ሆቴሉ በሙሉ ያየውን አንተ አላየህም?»

ይኼኔ እትዬ ፋዲላ ከሰባት ቁጥር ወጡ። ከካራቆሬ እየመጡ እኛ ዘንድ የሚያድሩ የማሾ እህል ነጋዴ ናቸው። ሌላው ነጋዴ በየቃሉ ወላሂ እያለ ሲሸጥ እሳቸው አይምሉም። «ለማሾ ብዬ የአላህን ስም አልጠራም» ይላሉ፤ ገዢውም በዚሁ ያምናቸዋል። እኔ እንኳ ላበሽቃቸው ብዬ «እስቲ ማሉ» ስላቸው «ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ ባለጌ» ብለው ያባርሩኛል።

«የምን መታየት ነው?» አሉ። «የኔው ቅድም እንደጠፋ ጥቁር ነው።»

«ከክፍልዎ ድምፅ ሰምቻለሁ።»

«የስልኬ ሬዲዮ ይሆናል።»

«ይምላሉ?»

እትዬ ፋዲላ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ወንድሜን አዩት፤ እጆቹ አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው።

«ወላሂ» አሉ። «ወላሂል አዚም፣ ምንም አልታየም።»

ከዚያ የሁለት ቁጥሩ ሹፌር አንገቱን ብቅ አድርጎ «የኔም ጥቁር ነው» አለ። ሌላም ሰው ተከተለው። ሰውየው ሁሉንም በየተራ አያቸው። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ኳሱ እንዳያመልጠኝ» ብሎ ስንታየሁን አልፎት ገባ።

ስንታየሁ መፍቻውን አንሥቶ ጣራው ላይ ተመልሶ ወጣ፤ ዲሹን ወደ ቦታው መለሰው። ሰውየው ኳሱን አየ፣ በማግስቱ ማለዳም ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እስኪሄድ ድረስ መኪና ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር።

እንደሄደ ለእትዬ ፋዲላ ፍርፍር ይዤ ገባሁ። መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ዓይናቸው አባብጧል። ሰሃኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ጾም ይዣለሁ» አሉኝ።

«ረመዳን ገና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ይህ ለትናንቱ መሐላዬ ነው።»

ላመሰግናቸው ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሰሃኑን መሬት አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አላህ ይማረኝ እንደሆነ አላውቅም» አሉ። «ግን ምን ላድርግ፣ ልጁ እጁን ሲዘረጋ አየሁት።»