ካርታው ላይ ነጭ ሆና የቀረችው ከተማ

ላውንደሪው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሰው ሰውን የሚያየው ጉም ውስጥ ሆኖ ነው። ማሽኖቹ ሲከፈቱ እንፋሎቱ ይነሣና ጣሪያው ሥር ይተኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ መስኮቶቹን ያለብሳቸዋል። በዚያ ጉም መሃል ቆሞ ካውያውን የሚገፋው ወጣት ድምፁ እምብዛም ስለማይሰማ፣ ሲጠሩትም አንዳንዴ ካለበት ስለሚጠፋ፣ ጓደኞቹ «እንፋሎት» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱም አልከፋውም።

ሚስቱ እዚያው ቤት የተቀደዱ አንሶላዎችን ትጠግናለች። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍምና ሁለቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ወደ መሃል እየተራመዱ ይገናኛሉ። ጫፉን ከእጁ ተቀብላ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እንደገና ይገናኛሉ። ከተጋቡ ወዲህ ቁም ነገር የሚባለውን ሁሉ የተነጋገሩት በዚህ መሃል ነው። ሲቀራረቡ አንድ ቃል፣ ሲራራቁ ዝምታ።

የላውንደሪው ባለቤት በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንደሚዘጋ የነገራቸው ዕለትም እንዲሁ ሆነ።

«ወዴት ልንሄድ ነው?» አለችው ስትቀርበው።

ጫፉን ሰጣት። ሄደች፤ ተመልሳ መጣች።

«እማዬ ጋ ብንሄድስ?»

እናቷ የሚኖሩት ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ብቻቸውን። ዐይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። በቀደም በስልክ ሲያወሩ «ሰሞኑን ሐይቁን የማየው በጆሮዬ ሆኗል» ብለው ቀለዱ። ልጅቷም ሳቀችላቸው፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፋ ብዙ ቆየች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷ ዐይን ጨርሶ ሳይጨልም ፊቷን እንዲያዩት። ነገር ግን ሥራ ሳይዙ ሄዶ በእሳቸው ላይ ሸክም መሆን ለሁለቱም የሚዋጥላቸው አልነበረም።

መላውን ያመጣው ጎረቤታቸው ሾፌሩ ነው።

«የሥራ ጉዳይ ቢሮ ግባ» አለው። «በየከተማው ምን ሥራ እንዳለ፣ ለየሥራው ስንት እንደሚከፈል ሰብስበው አስቀምጠዋል። እኔ በሰው ወሬ ስንት አገር ዞርኩ መሰለህ። እዚያ ገንዘብ ይታፈሳል ተብዬ ሄጄ ያፈስኩት አቧራ ነው።»

እንፋሎት ሄደ። የመረጃ ክፍሏ ሠራተኛ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠና ያለች ሴት ናት። ሥራው ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ልብስ ማጠብና መተኮስ» አላት፤ እንኳን እሷ ራሱም በደንብ አልሰማውም። አስደገመችው። ከዚያ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አድርጋ አንድ ካርታ አትማ ሰጠችው። ካርታው ላይ ከተሞቹ ሁሉ ለእሱ ሥራ በሚከፈለው ደመወዝ ልክ ሰማያዊ ተቀብተዋል፤ ክፍያው ከፍ ባለ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። የገዛ ከተማው ፈዛዛ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ የለቀቀ ሸሚዝ ትመስላለች። አለቃው «የትም ብትሄዱ ከዚህ የተሻለ የሚከፍል የለም» ሲላቸው የኖረው ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ሞቀ። በአገሩ ሌላኛው ጫፍ ያለችው የፋብሪካዎቹ ከተማ እንደ ማታ ሰማይ ጠቁራለች። የሐይቁ ከተማ ግን ነጭ ነበረች። አንዲት ጠብታ ቀለም አልነካትም።

ነጩ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ከኋላው ወረፋ የያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እንፋሎት «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ካርታውን እንደ ትራስ ልብስ አጣጥፎ ወጣ።

ሚስቱ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሥራ የለም ማለት ነው።»

«እነሱ ናቸው እንደዚያ ያሉህ?»

«ቀለም የለውማ። ቢኖር ይቀቡት ነበር።»

ጣቷን ከነጩ ላይ ቶሎ አላነሣችውም። በማግስቱ እንፋሎት ወደ ፋብሪካዎቹ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ጠይቆ መጣ። ከዚያች ከተማ እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚሞከር አልነበረም። ሁለቱም ይህን ያውቁታል።

በምሳ ሰዓት የአንሶላ ክምር ላይ ጋደም ባለበት እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙ አንሶላ ይተኩሳል። አንሶላው አገሩን በሙሉ የሚያህል ነው። ተራሮቹ ጭምድዶች ናቸው፤ ካውያው ሲያልፍባቸው ለጥ ይላሉ፣ ወንዞቹም ስፌት ሆነው ይቀራሉ። በየከተማው ሲደርስ ከታች ሙቀት ይመጣል፤ አንዱ ጋ ለብ ያለ፣ ሌላው ጋ የሚፋጅ። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ካውያው በድንገት ቀለለው። ከአንሶላው ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ የወጠረለት መሰለው። ከታች የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ እዚህም ሰው አለ» አለው።

ሲነቃ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ወርዷል። አንሶላ ሲያጥፉ ሕልሙን ለሚስቱ ነገራት፤ ሲቀርባት ጥቂት፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት።

«ታዲያ እኛ ቤት ነጭ ነገር መቼ ነው እንደ ምንም የሚቆጠረው?» አለችው ጫፉን እየተቀበለች። ሄዳ ተመለሰች። «ቀኑን ሙሉ የምንለፋው ለነጭ አይደል? ሂድና ጠይቅ። አፍህን ይዘኸው የምትዞረው ለመብያ ብቻ ነው?»

ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ከኋላው ሦስት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን ሚስቱ ያሳረፈችበት ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ነጩ... ሥራ የለም ማለት ነው?»

ሴትየዋ መነጽሯን አደረገች።

«አይደለም ወንድሜ። ሥራው ከሌለ ግራጫ እናደርገዋለን፤ ይኸው እዚህ ታች ግራጫ አለልህ። ነጭ የምንተወው መልስ የሰጡን ቀጣሪዎች አንድ ወይ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ነው። ያንን ብናወጣ የእገሌ ቤት ስንት እንደሚከፍል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አናወጣም ብለን ቃል ሰጥተናቸዋል።»

«እንደዚያ ከሆነ... አለ?»

«አለ። ማን እንደሆነ ግን አልነግርህም። ከተማዋ የእጅ መዳፍ ታህላለች፤ የሚያውቅ አይጠፋም።»

«ደመወዙንስ?»

«እሱንም አልነግርህም» አለችና ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳብ አደረገች። «ግን ጎረቤቶቹን ላሳይህ። በዚያችው ከተማ ልብስ ሰፊ፣ አስተናጋጅ፣ የሆቴል ክፍል አጽጂ የሚያገኙት ለማንም የተከፈተ ነው። እዚህ እናንተ ጋ ካሉት ጋር አስተያያቸው።»

አስተያዩአቸው። ልብስ ሰፊውም፣ አስተናጋጁም፣ አጽጂዋም ሐይቁ ጋ ከዚህኛው ከተማ ትንሽ ትንሽ ይጠቁሩ ነበር። እንደ ፋብሪካዎቹ ከተማ ማታ አይደሉም፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንዳለው ሰማይ ናቸው። እንፋሎት ዐይኑን ጨፈነ። ነጯ ከተማ ውስጥ ያችን ቀለም በሐሳቡ ሲቀባት ልክ ሆና ተቀመጠችለት።

ማታ ላይ ሚስቱ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ እዚያ አካባቢ ልብስ የሚያጥብ ቤት አለ?»

«ሆቴሎቹ አንሶላቸውን የት የሚያሳጥቡ መሰለሽ፣ ሐይቁ ውስጥ? ከጀልባ መቆሚያው ጀርባ አንዲት ሴትዮ አለች። ጠዋት የሳሙናው ሽታ ሲመጣ መንገዴን በእሱ ነው የምለየው። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«በይ እንዲሁ ከሆነ» አሏት፣ «የስልክ ቁጥሯን እንዲሁ ልጠይቅልሽ።»

የልብስ ማጠቢያዋ ባለቤት ጋ ሲደወል ሚስቱ ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጣለት መርፌዋን አነሣች። እንፋሎት ቆሞ አወራ፤ ስንት ዓመት እንደተኮሰ፣ ሚስቱም እንደምትጠግን። ከዚያ የፈራው ጥያቄ መጣ።

«ስንት ትፈልጋለህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የሰጡኝን» ይል ነበር። አሁን ግን ካርታው ላይ ያለውን ነጭ ቦታ እያየ፣

«እትዬ፣ እዚያ ልብስ ሰፊ የሚያገኘውን ያህል» አለ።

ከወዲያ ማዶ የካውያ እንፋሎት ሲተነፍስ ተሰማው፤ ረጅምና ለስላሳ፣ ልክ እንደ እነሱ ቤት።

«ማነው የእኔን ክፍያ የነገረህ?» አሉት በመጨረሻ።

«ማንም። የእርስዎ ቦታ ካርታው ላይ ነጭ ነው። ጎረቤቶችዎን አይቼ ነው።»

«ነጭ ነው?» ሴትየዋ ሳቁ። «እንዳያወጡብኝ ለምኛቸው ነበር። ሰዎቹ ቃላቸውን ጠብቀዋላ።» ሳቃቸውን ሳይጨርሱም፣ «መቼም ልብስ ሰፊው ከሰማ ይጣላኛል። ኑ። ሚስትህንም በጠገነችው ልክ እየከፈልኩ አሠራታለሁ። ግን አንሶላ የሚያቃጥል ሰው አልወድም።»

«እኔም አልወድም» አላቸው። ስልኩን ሲያስቀምጥ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሚስቱ መርፌዋን ከክሩ ጋር ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተቀምጣለች።

ላውንደሪው የሚዘጋበት ቀን የመጨረሻውን አንሶላ ሲያጥፉ፣ «ለእማዬ መቼ እንደምንመጣ አልነገርኳትም» አለችው።

«ለምን?»

ሄዳ ተመለሰች። «ፊቴን አይታ ትወቀው።»

አውቶቡሱ የሐይቁ ከተማ የገባው ማለዳ ነው። ከውሃው የተነሣው ጉም ቤቱንም፣ ዛፉንም፣ ጀልባውንም ውጦታል። እንፋሎት ከእንቅልፉ ባንኖ በመስኮት ሲያይ ካርታው ውስጥ የገባ መሰለው፤ ሁሉ ነገር ነጭ። ሲወርዱ የሳሙና ሽታ መጣ። ሽታውን ተከትለው ጥቂት እንደሄዱ፣ ከጉሙ ውስጥ አንዲት ጥላ ወጣችና ግንብ እየዳበሰች ወደ እነሱ ቀረበች። እናትየው ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ይመላለሱ እንደነበር ጎረቤት ለባልና ሚስቱ የነገራቸው ኋላ ነው።

ልጅቷ ጓዟን መሬት ላይ ጣለች። አሮጊቷ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ የራሳቸውንም አስጠጉ፤ አስጠጉ፤ አፍንጫቸው ሊነካት ሲደርስ ዐይናቸው ተረጋጋ።

«ከስተሻል» አሏት።