የብር ኩክ ማውጫ

ከይሪያ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ የምታስራት የብር ኩክ ማውጫ ያን ዓርብ ጧት ምንጣፉ ላይ ወድቃ ቀረች። ጫፏ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ማንኪያ አለቻት። ማንኪያዋ ደም ነክቷት ነበር።

«ምንም አይደለም» አለ ባሏ ፈረጅ፣ ግራ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ከጭኗ ላይ ቀና እያለ። ከባሮ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው የሚናገር ይመስል ጮክ ብሎ ነበር ያለው። ፊቱ አመድ መስሏል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በፊት ሱቁ ሳይከፈት ጭኗ ላይ ጋደም ይላል፤ እሷም ጆሮውን ትጠርግለታለች። ባልና ሚስቱ ቁም ነገር የሚነጋገሩት በዚያች ሰዓት ነበር። ፈረጅ ዓይን ዓይኗን እያየ መናገር የማይደፍረውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይናገረዋል። ያን ጧትም እንደዚያው ሆነ።

«ኢታንግ ያሉት ሽማግሎች ልከውብኛል» አለ። «የወንድምህን ሚስት ሰይዳን አግባት ይላሉ። ሀያቱ ከሞተ ዓመት አለፈው። ሦስት ልጆች አሏት፤ የወንድሜን ልጆች ሜዳ ላይ ልጣላቸው?»

ከይሪያ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የገባው «ሦስት ልጆች» የሚለው ብቻ ነው። በእሷ ቤት አንድም ልጅ አልተወለደም። ኩክ ማውጫዋን የያዘው እጇ ጠልቆ የሄደው ያን ጊዜ ነው። ደንግጣ ይሁን፣ ልቧ እጇን ገፍቶት ይሁን አላወቀችም። ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ሁሉ ያቺን ቅጽበት እየመለሰች አየቻት። አንዴ እጇ ሳተ፤ አንዴ ደግሞ ሆነ ብሎ ሄደ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ረታ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ መርፌ ይቀቅላል። ፈረጅን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ባትሪውን አበራ።

«ምን ገብቶበት ነው?»

ከይሪያ አፏን ከፈተች።

«ራሴ ነኝ» አለ ፈረጅ ቀድሟት። «በክብሪት እንጨት ስጎረጉር ነው።»

«ጆሮህ ውስጥ ወርቅ አለ ብለውህ ነው የምትቆፍረው?» ረታ እየሳቀ አጎነበሰ። ወዲያው ግን ሳቁን ተወው። «አፍንጫህን ያዝ። አፍህን ግጠም። አሁን ቀስ ብለህ ንፋ።»

ፈረጅ ነፋ። ከአጠገቡ የቆመችው ከይሪያም ሰማችው፤ እንደ ተበሳ የብስክሌት ጎማ ጆሮው ቀጭን ትንፋሽ አወጣ።

«ታምቡሩ ተበስቷል» አለ ረታ። «ውሃ እንዳይገባው። ባሮ ስትወርድ ራስህን እንዳትነክር። ዘይት አሙቁለት፣ ቅጠል ጨምቁለት የሚላችሁን እንዳትሰሙ። በራሱ ሊደፈን ይችላል፤ ላይደፈንም ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ እናየዋለን።»

«የመርከብ ፉጨት ይሰማኛል» አለ ፈረጅ።

«በባሮ መርከብ መምጣት ከቀረ ስንት ዓመቱ!»

«እኔስ እሱን አይደል የምልህ?»

ረታ ጥጥ በቫዝሊን ነክሮ ጆሮው ላይ ወተፈለትና ወደ ከይሪያ ዞረ። «አደራ፣ እመቤት። ክብሪት ከእጁ ይራቅ።»

«እሺ» አለች።

ሲመለሱ፣ ዓሣ ነጋዴዋ አጓ ከመንገዱ በስተግራ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተጣራች። አጓ የሱቁ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ጨው ልትገዛ በመጣች ቁጥር ከፈረጅ ጋር በአኙዋክኛ ሳትቀላለድ አትሄድም። ፈረጅ ዘወር ሳይል አለፋት።

«ፈረጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነ? ሰላም አይመልስም?» አለች በአማርኛ፣ ለከይሪያ እንዲገባት።

«ጆሮውን አሞት ነው፣ አጓ።»

«ማን መታው? አንቺ መታሽ?» አጓ በራሷ ቀልድ ጭኗን እየመታች ሳቀች። «ጎበዝ! የኔን ባል ደግሞ ነገ ትመቺ!»

ከይሪያ ለመሳቅ ሞከረች። ፈረጅ የሁለቱን ፊት አየና ቆመ። «ምን አለች?»

«ዓሣ ግዙ ነው የምትለው።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከይሪያ ሳታስበው ወደ ግራው፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል፣ ዞራ መሄድ ጀመረች።

ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርግ ከበር ሆና አየችው። ቀኝ ጆሮውን በእርጥብ ጣቱ አበሰ። ወደ ግራው የሄደው ጣቱ ጥጡ ጋ ሲደርስ አየር ላይ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ወረደ። ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ኩክ ማውጫዋን ከምንጣፉ ላይ አንስታ አጠበቻት። ደሙ ወዲያው ለቀቀ። አንገቷ ላይ ልታስራት ክሩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ለምን ዋሸላት? «ሚስቴ ስትጠርግልኝ እጇ ሳተ» ቢል ረታም ይስቅ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ስህተትማ ምን ያስሸሽገዋል? ሰው የሚሸሽገው በደልን ነው። እንዲህ ስታስብ ብርድ በሌለበት አገር በረዳት።

ፈረጅ ከመስጊድ ሲመለስ ሱቁን አልከፈተም። ሁለት ሰዎች መዝጊያውን አንኳኩተው ሄዱ። እሱ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ እንደ ጧቱ ራሱን ጭኗ ላይ አሳረፈ። ጥጥ ያለበትን ጆሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች አደረገው። ደህነኛው ወደ ላይ ሆነ፤ ፊቱም ወደ እሷ ዞረ።

«ምንም አይግባበት ተብለሃል እኮ» አለች።

«እንድትጠርጊልኝ አይደለም።» ዓይኑ ቀሚሷ ላይ ነበር። «ነገ የኢታንግ መኪና አለ። መልስ ይዤ መሄድ አለብኝ። ጧት ምን እንደ ሆንሽ ሳላውቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ከይሪያ ዓይኗን ወደ መዝጊያው አዞረች።

«በዚህኛው እሰማለሁ» አለ።

እጇ እንደ ልማዷ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ክሩ የለም። አጎነበሰች። ከከንፈሯ እስከ ጆሮው አንድ ስንዝር አይሞላም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ ነበረባት፤ ስታጎነብስ እንኳ አላወቀችውም። ትንፋሿ ሲነካው ፈረጅ ሰውነቱን ሰበሰበ፤ ራሱን ግን አላነሳም።

«ፈረጅ» አለች።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት።