ዘጠነኛው ቀን

ጡረተኛው ፖስተኛ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ በእግሩ ሲያደርስ አንድም ቀን «ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው» ብሎ መንገድ ላይ ተጋድሞ አያውቅም። አሁን ግን ወደ ባሕር የሚያደርጉት የእግር ጉዞ በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተጎልቶ የልጁን ባል ይጠብቃል። አማቹ ሁለት እግሩን የጨው ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አልጋው ላይ አምስት ዓይነት ቅባት ደርድሯል።

«ዕረፍትም የጉዞው አካል ነው፣ አባባ» አለ አማቹ።

ይህንንም ከስልክ ላይ ነው የቃረመው። መራመድን ራሱ ከስልክ ላይ የተማረ ነው የሚመስለው። ጫማ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶ፣ የመረጠው ጫማ በአራት ቀን ይቆረቁረው ጀመር። ዳገት ባየ ቁጥር ደግሞ የጫማው ክር ይፈታበታል፤ ጎንበስ ብሎ እስኪያስር መንገደኛው ሁሉ ያልፋቸዋል። ልጄ ከዚህ ሁሉ ወንድ ይህን መረጠች ሲል ፖስተኛው ይገርመዋል።

ቢንቀውም ግን ያለ እሱ አይሆንለትም። በሚቀጥለው ወር ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ እንዳያስብ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። ልጁም ይህን የመጨረሻ ጉዞ የፈቀደችው ባሌ አብሮህ ከሄደ ብቻ ብላ ነው። ባሕሩ ዳር ለመድረስ አምስት ቀን ቀርቷቸዋል።

የአማቹ ስልክ ጮኸ። የልጁ ፊት ስልኩ ላይ ብቅ አለ።

«ደህና ነን፣ የኔ ቆንጆ» አላት ባሏ። «አባባ ትንሽ ደከም ስላላቸው ነው ያረፍነው። ነገ እንቀጥላለን።»

የፖስተኛው ደም ፈላ። ደከም አላቸው! ተነሥቶ ስልኩን ከእጁ መንጭቆ ወደ ሳፋው አዞረው።

«እግርህን አውጣ!»

«አባባ፣ ግድ የለም፣ ይተዉት...»

«አውጣ አልኩህ! የደከመው ማን እንደሆነ ራሷ ትየው።»

አማቹ አንድ እግሩን አወጣ። ተረከዙ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ሁለት ጥፍሮቹ ጠቁረዋል።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ «በዚህ እግሩ ነው ስንት ቀን ያስኬድከው?»

«እኔ ምን አውቄ? ደህና ነኝ ነው የሚለው!»

«አንተን ፈርቶ ነዋ! ነገ ጠዋት ወንድሜ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ሁለታችሁም ትመለሳላችሁ። በቃ!»

«እኔ ምን ሆንኩ? እኔ እኮ አልደከመኝም!» አለ፤ ስልኩ ግን ተዘግቷል።

አማቹ እግሩን በፎጣ እያደራረቀ፣ «የኔን ካወቀች እንደምትመልሰን አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ደከሙ ካልኳት አንድ ቀን ትታገሠናለች ብዬ ነው። ነገ በነጠላ ጫማ ልሄድልዎ ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ብነግርዎ ይስቁብኝ ነበር፣ አባባ።»

ይስቅበት ነበር፤ ይህን መካድ አልቻለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩን ሳያይ መቅረቱ አንጀቱን አቃጠለው፤ የሚረግመው ሰው ግን አጣ።