ገደለኝ

ልብስ ሰፊዋ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች። እጇ ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ የሹራቧን ጠርዝ ትተረትራለች።

ሁሉን ያመጣው አንድ ቃል ነው። ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ “ሽቦ” ይለዋል። ሰሞኑን እንቅልፍ ከዐይኑ ጠፍቶ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚያወራ አለ እያለ የቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ ነቃቀለው። በመጨረሻ የስፌት መኪናዋን ሞተር ሲፈታባት ስልክ አንሥታ፣ “ኧረ እርዱኝ፣ ወንድሜ ገደለኝ!” ብላ ጮኸች፤ የተማረረ ሰው እንደሚለው። አምቡላንስ ስትጠብቅ ፖሊስ መጣ። ቃሏ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ሲሻገር “ሊገድለኝ ነው” ሆኖ ነበርና ሽቦ በመግደል ሙከራ ታሰረ።

ዐቃቤ ሕጉ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

“ስሚኝ እኅቴ፣ ቃልሽን እንዳታጥፊ። አደገኛ ከተባለ ዳኛዋ ሆስፒታል እንዲገባ ታዛለች። ካልተባለ ክሱ ተዘግቶ እቤትሽ ይመጣል፤ ያለ ትእዛዝ የሆስፒታል አልጋ የለም።”

“እና ለመታከም ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት?”

“ሕጉ ሊሻሻል ነው፤ እስኪወጣ ግን…”

“እስኪወጣማ የኔ ነፍስ ትወጣለች!”

ተጠሩ። ሽቦ በካቴና ታስሮ ገባ፤ እኅቱን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

“እታለም! አልሞትሽም እንዴ?”

አጃቢው ፖሊስ ሳቁን ዋጠው። ሽቦ ግን አልቀለደም። “ስታሰር ጎረቤቶች ገደለኝ ብላለች አሉኝ። አንቺ ደግሞ ውሸት አታውቂም።”

ያን ጊዜ ገባት። እስር ቤት ሆኖ ሲያለቅስላት ከርሟል።

“ሊገድለኝ ነው ብለሻል፤ ቃልሽ ይኸው ነው?” አለች ዳኛዋ።

ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠረገ። ልብስ ሰፊዋ ዐይኗ ላይ የሆስፒታሉ አልጋ መጣባት፣ ቤቷም መጣባት፤ ከግድግዳው የተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚንጎራደደው እግሩ።

“ክብርት ዳኛ፣ ያልኩት ገደለኝ ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ ስልክ አይደውልም። መረረኝ ማለቴ ነው። እሱ ዝንብ አይገድልም። ግን ታሟል።”

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። “አንተስ? ሆስፒታል ትገባለህ?”

እስካሁን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

“መተኛት እፈልጋለሁ” አለ ሽቦ። “እሷ ካደረሰችኝ እሄዳለሁ።”

ክሱ ተዘጋ፣ ካቴናው ተፈታ። “ትእዛዝ ልሰጥሽ አልችልም፤ ሕጉ እጄን ይዞኛል” አለች ዳኛዋ። “ሄዳችሁ ሞክሩ።”

ሽቦ መንገዱን ሁሉ አንዴ እየሮጠ አንዴ እየቆመ፣ የመብራት ምሰሶ ባየ ቁጥር አንገቱን እያሰገገ ከእኅቱ ጋር ሆስፒታሉ በር ደረሰ። ዘበኛው በትንሿ መስኮት ግማሽ ፊቱን ብቅ አደረገ።

“እንዲህ ያለ በሽተኛ በፖሊስ ነው የሚመጣው። ማን ያዘው?”

ሽቦ የእኅቱን እጅጌ ጨምድዶ፣ “እኔ ነኝ የያዝኳት” አለ።

መስኮቷ ጠረቅ ብላ ተዘጋች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ደበደበች።

“እታለም፣ ከበሩ ጀርባ የሚያወራ አለ።”

የግድግዳው ወሬ ያገረሸበት መሰላት። እንደምንም ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። እውነትም ዘበኛው ስልክ ይዞ፣ “ያለ ፖሊስ የመጣ አለ፣ ምን ልበላቸው?” እያለ ነው።

“አለ፣ ወንድሜ። እኔም ሰማሁት” አለችውና እንደገና ደበደበች።