ሦስት ሳህን የተከለከለ ኑድል

ቨርሊን ስታኪ ስለ ወጣቱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ኮርትላንድ ሜይስ የማያውቀው ነገር ጥቂት ነበር። ቁመቱን ያውቃል፤ ሰባት ጫማ ሊሞላ አንድ ጣት ይቀረዋል። ሁለት እጁን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት እንደሚሆን፣ የጫማ ቁጥሩን፣ ባለፈው ሐምሌ የተወለመው የትኛው ቁርጭምጭሚቱ እንደነበር በቃሉ ይዟል። ልጁ በስልኩ አንዲት ፎቶ ለጥፎ ያደረ እንደሆነ፣ ቨርሊን በማግስቱ በደጋፊዎች ገጽ ላይ የፎቶዋን ትርጓሜ ከነአንድምታው ጽፎ ያወርዳል። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ካመላለሳቸው ልጆች የስንቱን ስም እንደሚያስታውስ ሚስቱ ኖሪን አንድ ቀን ብትጠይቀው፣ ጥያቄው ከርዕስ የወጣ ነው ብሎ አለፈው።

በእነሱ የኢንዲያና ገጠር በቆሎው ከታጨደ በኋላ ዋናው የሰው ሐሳብ የትኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል የሚለው ነው። ጨዋታው ራሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምርቃት ነው። ያን ዓመት ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው ኮርትላንድን ነበር። ሐሙስ ዕለት በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ሦስት ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ልጁ አንዱን አንሥቶ ራሱ ላይ ያደርጋል፤ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ይታወቃል። አንዱ ኮፍያ የአረንጓዴዎቹ ነው፤ ማለትም የቨርሊን ቡድን። ሌላው የቢጫዎቹ ነው፤ ማለትም የጠላት። ሦስተኛው የአንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጠረጴዛው ባዶ እንዳይመስል የተቀመጠ ነው ይሉ ነበር።

ቨርሊን በየዓመቱ ለአረንጓዴዎቹ ማኅበር መጠነኛ ገንዘብ ያዋጣል። በዚህም ምክንያት ደንቡ እሱን እንደ ተራ ተመልካች አያየውም፤ የቡድኑ ሰው ነው የሚለው። ያኔ ለተጫዋቾች በይፋ መክፈል ስላልተፈቀደ ደንቡ ጥርስ ነበረው። የቡድኑ ሰው የሆነ ሁሉ ገና ያልፈረመን ልጅ ማናገር፣ መጋበዝ፣ በመኪና መሸኘት፣ ስጦታ መስጠት አይችልም። ካደረገ ልጁ ለዚያ ቡድን እንዳይሰለፍ ሊታገድ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ይህን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ በየመስከረሙ ይልካል፤ አብዛኛው ሰው መጽሐፉን ከፖስታ ሣጥኑ አውጥቶ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ይወስደዋል። ቨርሊን ግን አስምሮበት ያነበዋል። ለአንድ ልጅ አይስክሬም የገዛ የጥርስ ሳሙና ነጋዴን በደጋፊዎች ገጽ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ያብጠለጠለው እሱ ነው።

ታዲያ ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ መሬት ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገር ጀመር። መንገዱ መስታወት ሆነ። መብራት ጠፋ። ኖሪን በጋዝ ምድጃዋ ላይ የዶሮ ኑድል ጥዳ ድንች ትፈጫለች፤ ቨርሊን በስልኩ የቀረችውን ባትሪ ስለ ኮርትላንድ ለማንበብ ይጨርሳታል። በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ፊት ለፊቱ አንዲት ጃኬት የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ደረት አለ። ቨርሊን ቀና አለ፤ ከደረቱ በላይ አንገት፣ ከአንገቱ በላይ ላለፉት ሁለት ዓመታት እያየው የተኛበት ፊት ነበር።

ሴትዮዋ ሮንዳ ሜይስ እባላለሁ፣ ይህ ልጄ ነው፣ ከውድድር ስንመለስ መኪናችን ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች አለች። ጎታች መኪናው እስኪደርስ ገና አራት ሰዓት ይፈጃል ተብሏል። ቨርሊን በሩን እንደያዘ ቀረ። በጭንቅላቱ ውስጥ የመጽሐፉ ገጽ አሥራ አራት ከነመስመሩ ተገልጦ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩን ልቀቅ እንጂ» አለች ኖሪን ከኋላው። «ቅዝቃዜው እኮ እየገባ ነው። ግቡ፣ ግቡ። ልጄ፣ ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ።»

እንግዶቹ ጫማቸውን ሲያወልቁ ቨርሊን ሚስቱን ወደ ወጥ ቤት ጎተታት።

«ለልጁ ምንም ልትሰጪው አትችዪም።»

«ምን ማለት ነው?»

«እሱ ነው። ኮርትላንድ። ደንብ አለ። ምግብ ከሰጠሽው ለእኛ መጫወት ላይችል ነው።»

«ልብሱ እርጥብ ነው፣ ቨርሊን።»

«ለእናቱ ስጪ። ቆይ፣ ለእናቱም ይከለክላል።»

«እና ደንብህ ማን ይብላ ነው የሚለው?» አለችና ማማሰያውን ይዛ ወደ ድስቷ ዞረች።

ቨርሊን ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ቢያንስ አፉን መዝጋት። ስለ ኳስ አንዲት ቃል ከተናገረ ልጁን አግባብቷል ሊባል ነው፤ ካልተናገረ ግን ጥፋቱ ኑድል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሳሎኑን ማጽዳት ጀመረ። አረንጓዴዎቹን ትራሶች በጀርባቸው ገለበጣቸው። የቡድኑ ፎቶዎች ያሉበትን ግድግዳ በአልጋ ልብስ ሸፈነው፤ እናትየዋ ስታየው ለሙቀት ነው አለ። በየሰዓቱ የቡድኑን መዝሙር የሚዘፍነውን የግድግዳ ሰዓት ባትሪውን ነቀለ። በመጨረሻም የለበሰውን ሹራብ ጓዳ ገብቶ ገልብጦ ለብሶ ወጣ፤ የአጣጠብ መመሪያዋ ብጣሽ ጨርቅ ከአገጩ ሥር ትወዛወዛለች።

ኑድሉ ቀረበ፤ ከሥሩ ድንች፣ ከላይ ዶሮና ኑድል። ልጁ የመጀመሪያውን ሳህን ሳይተነፍስ ጨረሰው። ኖሪን ሁለተኛውን ስታወጣ ቨርሊን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሚስቱ ውሃ ሰጠችው።

የቀረውን ቀን ሲያስበው ቨርሊን እስከ ዛሬ ላብ ያጠምቀዋል። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የት ነህ ልጄ? ከእኛ ጋር ነህ? በመላው አገር በሺህ የሚቆጠር ሰው መልሱን ለማግኘት ያለውን ሁሉ በሚሰጥበት ቀን፣ መልሱ በእሱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ያደርቃል። እሱ ግን ስለ አኩሪ አተር ዋጋ አወራ። ስለ ጉድጓድ ውሃ አወራ። አጋዘን በየት በኩል መንገድ እንደሚያቋርጥ በዝርዝር አስረዳ። በመጨረሻ ወሬው ሁሉ ሲያልቅበት ስለ አውቶቡስ ጀመረ፤ በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ። ልጁ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ናፍጣው ረግቶ ሲቀር ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። ቨርሊን መለሰ። ልጁ ሌላ ጠየቀ። አያቱ የከባድ መኪና መካኒክ እንደነበሩና እሱም ከኳሱ በኋላ ያንን መማር እንደሚፈልግ ነገረው። ይህ በየትኛውም የደጋፊዎች ዝርዝር ላይ የለም። ቨርሊን አንድ ሰዓት ሙሉ ደንቡን ሳያስበው አወራ፤ ወረቀት አምጥቶ የነዳጅ መስመሩን ሁሉ ሳለለት።

ያኔ ልጁ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀ። ኖሪን በእጇ አመለከተችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ገባ። በሩ ሲዘጋ ነው ለቨርሊን ትዝ ያለው።

መታጠቢያ ቤቱን አላጸዳም ነበር። የገላ መታጠቢያው መጋረጃ ከላይ እስከ ታች የአረንጓዴዎቹ አርማ ነው። ምንጣፉ አረንጓዴ ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ክዳን ላይ ሳይቀር የአሰልጣኙ ፊርማ ታትሟል። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ከመስተዋቱ አጠገብ ከመጽሔት የተቀደደ የራሱ የኮርትላንድ ፎቶ አለ፤ ሥሩ በቨርሊን እጅ በቀይ እስክሪብቶ «ሐሙስ፣ አምላኬ ሆይ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ልጁ ቆየ። ከሚገባው በላይ ቆየ። ወጥቶ ቦታው ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ሳህኑን ወደ ኖሪን ገፋ አድርጎ፣ ካላስቸገርኩ ሦስተኛ ቢጨመርልኝ አለ። ቨርሊን ጉሮሮውን መጥረጊያ አቅም እንኳ አልነበረውም።

ጎታች መኪናው ሳይመሽ መጣ። ሮንዳ ኖሪንን አቅፋ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ኮርትላንድ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ሚስተር ስታኪ፣ መታጠቢያ ቤትዎን አይቻለሁ።»

ቨርሊን የሹራቡን ብጣሽ ጨርቅ ያዘ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የት ልትገባ ነው የማይለኝ ሰው አላገኘሁም» አለ ልጁ። «ነዳጅ ማደያ ይጠይቁኛል። የአያቴ ቀብር ላይ ጠይቀውኛል። የጥርስ ሐኪሜማ የጠየቀኝ መሣሪያው አፌ ውስጥ እያለ ነው። እርስዎ ያን ያህል እየወደዷቸው አራት ሰዓት ሙሉ አልጠየቁኝም። አመሰግናለሁ።»

ምስጋናውን ዝም ብሎ መቀበል ይቻል ነበር። ቨርሊን ግን በዚያ ቀን ከሠራው ጥፋት ላይ ውሸት መጨመር አልሆነለትም።

«ደንቡ ስለሚከለክል እኮ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለ ኮርትላንድ። «ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል።»

ቨርሊን እሑድን ያሳለፈው የደንቡን መጽሐፍ ደጋግሞ ሲያነብ ነው። ዝም ቢል ማንም ላያውቅ ይችላል። ቢታወቅ ግን ልጁ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ተጠርቶ፣ በቴሌቪዥን ፊት ስለ ሦስት ሳህን ኑድል ሊዋረድ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ክትትል ቢሮ ደወለና ራሱን ከሰሰ። ስልኩን ያነሣችው ኬስለር የምትባል ሴት እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኗ የገጠማት አትመስልም። ቢሆንም ትጠይቅና ትጽፍ ጀመር። ስንት ሳህን? ሦስት። ድንቹ ለብቻው የቀረበ ነው? አይ፣ ከሥሩ ነው። ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ፓይ ነበር? ነበር። ስንት ቁራጭ? ቨርሊን ስልኩን ሸፍኖ ኖሪንን ጠየቃት፤ ኖሪን ለሴትዮዋ ምን ብሎ እንዲነግራት እንደምትፈልግ በቁጣ ነገረችው፤ እሱ ግን ሁለት ብቻ አለ። ኬስለር በመጨረሻ ፍርዱን ነገረችው። ልጁ አረንጓዴዎቹን ከመረጠ ፋይል ይከፈታል፤ እስኪጣራ ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ሊቀር ይችላል። እስከ ሐሙስ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀችው።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት የደጋፊዎች ገጽ ላይ አሥር ሺህ ሰው ሲገምት፣ ሲማማልና ሲሰዳደብ፣ ልጁን በእርጥብ ካልሲ ያየው ብቸኛ ሰው አንዲት ቃል አልጻፈም። ይህ በሕይወቱ ትልቁ ወሬ ነበር።

ሐሙስ ኮርትላንድ የቢጫዎቹን ኮፍያ አነሣ።

ቨርሊን እራቱን አልበላም። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ከፋው፤ አጥሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ገጹን ሲከፍት ሰዎች የልጁን ፎቶ ያቃጥሉ ነበር፤ አንዱ እናቱን ይሳደባል። በመኝታ ቤቱ መብራት ቁጭ ብሎ ረዥም ነገር መጻፍ ጀመረና አጠፋው። በመጨረሻ «ልጁ ጨዋ ነው፤ እናቱም እንዲሁ። መልካም ይግጠማቸው» ብሎ ለጠፈ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የቨርሊንን የይለፍ ቃል ማን ሰረቀ የሚል ምርመራ ተከፈተ። አንድ ሰው የቢጫዎቹ ሰላይ መሆኑን ከድሮም እጠረጥር ነበር አለ። የገጹ አስተዳዳሪ ለአንድ ሳምንት አገደው፤ ቨርሊንም አመስግኖ ስልኩን አጠፋ።

ዓርብ ዕለት ኬስለር ደወለች። ልጁ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ ፋይሉ አልተከፈተም አለችው። ቨርሊን ትንሽ አመነታና፣ እንግዲህ ቢመጣና ቢበላስ ብሎ ጠየቃት።

«ሚስተር ስታኪ» አለች ኬስለር፣ «ከእንግዲህ ድስቱን ይጨርሰው። የሌላ ሰው ተጫዋች ነው።»

ኖሪንና ሮንዳ ለካ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ኖሯል። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ እናትና ልጅ ለምሳ መጡ። ቨርሊን ሹራቡን በትክክሉ ለብሶ በረንዳው ላይ ጠበቃቸው። ከልጁ ጋር ተቀምጠው አንድ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ሲፈቱ ቆዩ። አሁን ሕጉ ሁሉ ከእሱ ጋር ነበርና ጥያቄውን ጠየቀ፤ ለምን ቢጫዎቹን?

ኮርትላንድ ወደ እናቱ አየ። ሮንዳ ነገሩን እንደ ተራ ነገር አስረዳች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜ በማታ ፈረቃ። የቢጫዎቹ ከተማ ከሥራዋ አርባ ደቂቃ ነው። እሑድ እሑድ የሚያደርጉትን ጨዋታ አይታ ፈረቃዋ ላይ መድረስ ትችላለች። አረንጓዴዎቹ ጋ ቢገባ ግን በዓመት ሁለቴ ቢሳካላት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነበር።

ቨርሊን የያዘውን ፓምፕ መሬት ላይ አስቀመጠ። አሥር ሺህ ሰው ልጁን ከጣት እስከ ጣት ለክቷል፤ የእናቱን የሥራ ሰዓት የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሱም ጭምር።

ኖሪን ገበታው ቀርቧል ብላ ጠራቻቸው። ተቀመጡ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ የልጁ መዳፍ የቨርሊንን እጅ እስከ አንጓው ዋጠው። ሲጸልይ ከአራት ቃል አልፎ የማያውቀው ቨርሊን የዛሬውን እኔ ልበል አለ፤ ኖሪን አንድ ዓይኗን ከፍታ አየችው።

ስለ በረዶው አመሰገነ። ስለ ቦዩ አመሰገነ። ሮንዳን በማታው መንገድ እንዲጠብቃት፣ የልጁን ሁለቱንም ጉልበቶችና ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶች እንዲጠብቅለት ለመነ። ትንሽ ቆም አለ፤ ሰው ሁሉ አሜን ሊል አፉን ሲያዘጋጅ እንደገና ቀጠለ።

«በጥር ከእኛ ጋር የሚጫወቱበትን ዕለት ግን» አለ፣ «አንተ ታውቃለህ።»

ሮንዳ ጠረጴዛውን እስክታንቀጠቅጠው ድረስ ሳቀች። ኮርትላንድ «አሜን» አለና ሳህኑን አቀበለ፤ ቨርሊን ራሱ ጭልፋውን አንሥቶ፣ መጀመሪያ ድንቹን፣ ከላይ ኑድሉን፣ እስኪሞላ ድረስ አወጣለት።