አሥራ አራት ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ ውሃ ትፈራለች። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ወፍ ካየ ሌላው ዓለም አይታየውም። ልጆቻቸው እሳተ ገሞራ የወለዳቸውን ደሴቶች በምትዞር ትንሽ ጀልባ ሲያሳፍሯቸው፣ እሷ እሺ ያለችው ሰውየውን ብቻውን መልቀቅ ስለማይሆንላት ነው። ካልሲውን የምታወጣለት፣ ኪኒኑን የምታስታውሰው፣ ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገውን መነጽር የምታሳየው እሷ ናት።

በጀልባዋ መውጫ አጠገብ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ እንጨቶች ተሰቅለዋል፤ አንድ ወገናቸው ነጭ፣ ሌላው ቀይ ነው። ወደ ደሴት የሚወርድ ሰው የራሱን ወደ ቀይ ይገለብጣል፤ ሲመለስ ወደ ነጭ። "ሁሉም ነጭ ካልሆነ ጀልባዋ አትንቀሳቀስም" ብሏቸው ነበር አስጎብኚው። የእሷ አሥራ ሦስት፣ የባሏ አሥራ አራት ነው። ሁለቱንም የምትገለብጠው እሷ ነበረች፤ እሱማ ያን ጊዜ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሆነች ደሴት ላይ ወረዱ። የባሕር አንበሳ የሚባሉት ጥቁር የውሃ እንስሳት እንደ ጆንያ ተዘርረዋል። ዳርቻው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በውሃ ይሸፈናል፤ ከጀርባው ያለው ገደል ደግሞ የሚወጣ አይደለም። ልብስ ሰፊዋን ራሷን አዞራትና ሰው ወደ ጀልባዋ ከሚያመላልሱት የጎማ ጀልባዎች በመጀመሪያዋ ተመለሰች።

"እኔ በሁለተኛዋ እመጣለሁ" አላት ባሏ፣ ዓይኑን ከወፎቹ ሳይነቅል።

እንደደረሰች የራሷን ቁጥር ገለበጠች። እጇ ለምዶበት የእሱንም ደገመች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ጀልባዋ ጉዞ ከጀመረች በኋላ ለሻይ ልትጠራው ወጣች። ወደ ደሴቷ ሲወርድ ያወለቀው ነጠላ ጫማ መውጫው አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። መጸዳጃ ቤቱን አንኳኳች፤ ማንም የለም። ወደ ላይ ወጣች፤ የለም። ዞር ስትል አሥራ አራት ቁጥር ነጭ ሆኖ ሲወዛወዝ አየች። ክው ብላ ቀረች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ውሃን የፈራችው ለራሷ ነበር።

"ባሌን ጥለነው መጣን!"

"ከእርስዎ ጋር የተመለሱ መስሎኝ!" አለ አስጎብኚው።

"ሁሉም ነጭ ነው እኮ፣ እናቴ" አለ ካፒቴኑ።

"እኔ ነኝ የገለበጥኩት! ምነው ይህን እጄን በቆረጠው!"

ካፒቴኑ መሪውን አዞረ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የጎማ ጀልባዋን ሲያወርዱ "እርስዎ እዚሁ ይቆዩ" ቢሏት አሻፈረኝ ብላ ገባች። ማዕበሉ ከራስ እስከ እግሯ አራሳት። ዳርቻው የለም። ውሃው ላይ ጥቁር ክብ ክብ ራሶች ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ሁሉም የባሏን ራስ ይመስላሉ፤ ስትጮህባቸው ዞረው ያይዋታል፤ የባሕር አንበሶች ናቸው። ሞቷል አለች በልቧ፤ ገደልኩት።

"ያውና!" አለ አስጎብኚው።

ገደሉን ተደግፎ ቆሟል። ውሃው ወገቡ ደርሷል፤ የሩቅ መነጽሩን ከራሱ በላይ ይዟል። አንድ ትልቅ ወንድ የባሕር አንበሳ አጠገቡ ያጓራል። ጎትተው አስገቡት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እንደዚያም ሆኖ ሊስቅ ሞከረ።

"ወፍ ስከተል ሁለተኛዋ አመለጠችኝ፤ እሷ እያለች ጥለውኝ አይሄዱም ብዬ ግን ብዙም አልፈራሁ" አለ ለአስጎብኚው።

ልብስ ሰፊዋ ከባሕሩ ይልቅ ይህን ቃል ፈራችው። ዝም ብትል ማንም አይነግርባትም ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ቁጥርህን የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አለችው። "ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እስከ ጀልባዋ ድረስ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

በማግስቱ ሌላ ደሴት ላይ ሊወርዱ ሲሰለፉ መምህሩ ቁጥሩን ራሱ ሊገለብጥ እንጨቶቹ ፊት ቆሞ ቀረ። ከኋላው ያሉት መጠበቅ ጀመሩ። አንዱን ነካ፣ ተወው፤ ሌላውን ነካ። በመጨረሻ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የኔ ቁጥር ስንት ነው?" አላት።

"አሥራ አራት" አለችው፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ እንደያዘች።